ዶክተር አክሊሉ ለማና የዓድዋ ልብስ አጣቢዎች

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ቤት እንክፈት የሚለው ሐሳብ ከቀረበ ወዲህ የሒሳቡ ጣጣ የወደቀው እኔ ላይ ነው። የማሽኑን ዋጋ፣ የሮቶውን፣ የመብራቱን፣ ውኃ በፈረቃ በሚጠፋበት ሳምንት ከቦቴ የምንገዛውን ሁሉ እያሰላሁ ነው፤ በሚቀጥለው እትም ይቀርብላችኋል። ሰው ልብሱን ይዞ መጥቶ፣ ከፍሎ፣ ራሱ አጥቦ የሚሄድበት ቤት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ስለሆነ ጥያቄው ብዙ ነበር። ከሁሉም ያከራከረን ግን አንድ መስመር ነው። ቤቱን የምትይዘው አባል በወር ስንት ይከፈላት? አንዳንዶቻችሁ ማሽኑ እያጠበ እሷ ምን ትሠራለች፣ ልብስ ማጠብ ደግሞ ምን ትምህርት ይጠይቃል ብላችኋል። ከአባሎቻችን ግማሽ ያህሉ በየፔንሲዮኑና በየሰው ቤት ልብስ በማጠብ ልጅ ያሳደጉ መሆናቸውን ስለማውቅ ነገሩ ከነከነኝ። በዚያ መስመር ላይ ቁጥር ከመጻፌ በፊት የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ታሪክ ላጫውታችሁ። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዝናቸው ከልብስ አጣቢዎች ሳፋ መነሣቱን ግን ሁላችን የምናውቅ አይመስለኝም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። ጣልያን መረብን ተሻግሮ ሀገራችንን የወረረው፣ ዓድዋንም የያዘው በዚያው ወር ነበር። (ካዛንቺስ የሚለው የሰፈራችን ስም እንኳ የመጣው እነዚሁ ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ስም ነው።) አክሊሉ ከነጻነት በኋላ በትምህርት ተስፋ ከተጣለበት ትውልድ አንዱ ነበሩ። ለከፍተኛ ትምህርት አሜሪካ ሄደው በባልቲሞር ከተማ ከሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የሳይንሱ መዝገብ የሚያያቸው እንደዚያ ስለሆነ ባልቀያይራቸው ይሻላል።

ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ተመራማሪ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው የያዙት ሥራ ቢልሃርዚያን ማጥናት ነበር። በሽታው በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ 200 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘ ይነገር ነበር። ከእኛ ከሴቶችና ከልጆች ጋር ስላለው ጉዳይ አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። በሽታው ያለበት ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ወደ ወንዝ ሲገባ የትሉ እንቁላል አብሮ ይገባል። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈልና በወንዝ ዳር የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ይራባል። ከቀንድ አውጣው ሲወጣ በዓይን የማይታይ ትንሽ እጭ ሆኖ ይዋኛል፤ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ሲያገኝ በቆዳው በኩል ሰርጎ ይገባል። መዋጥ አያስፈልገውም፤ እግር ውኃው ውስጥ መቆየቱ ብቻ ይበቃዋል። ታዲያ ከሰው ሁሉ ውኃ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚቆም ማን ነው? ውኃ የምትቀዳ ሴት፣ ልብስ የሚያጥብ ሰው፣ የሚንቦራጨቅ ልጅ። በሽታው ቶሎ አይገድልም፤ ዓመት ቆጥሮ ጉበትንና አንጀትን እየበላ ሰውን ያደክማል። እንግዲህ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከሚቻልባቸው ቦታዎች አንዱ ቀንድ አውጣው ነው። እሱ ከሌለ ትሉ የሚራባበት ቤት የለውም።

ዶክተር አክሊሉ በዚያው በ1964 ዓድዋ ሄደው በወንዞቹ ዳር ቀንድ አውጣ ይለቅሙና ይቆጥሩ ነበር። ዓድዋ ሲባል ለሁላችን የሚመጣልን ጦርነቱ ነው፤ ይኼኛው ዓድዋ ግን ወንዝ ዳር ልብስ የሚታጠብበት፣ ድንጋይ ላይ ነጠላ የሚሰጣበት ዓድዋ ነው። እዚያ ሲዞሩ አንድ ነገር ዓይናቸውን ያዘው። ሰዎች ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ፣ በተለይም ከእነሱ ዝቅ ብሎ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ይታያሉ። ከፍ ብሎ ባለው ውኃ ግን ቀንድ አውጣው በሕይወት ነው። ብዙ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል፤ ከእነሱ በፊት የመጣ ተመራማሪም አይቶት ሊሆን ይችላል። እሳቸው ግን ቆም ብለው አጣቢዎቹን የምታጥቡበት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

እንዶድ ነበር። ከላይኛው ውኃ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ለቅመው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከአረፋው ጨምሪበት አሏት። ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ሞቱ። የምርምሩ የመጀመሪያ ሙከራ ይኸው ነው፤ ቤተ ሙከራው ወንዝ ዳር፣ መድኃኒቱን የጨመረችውም አጣቢዋ ናት። ሥራውን የጀመረችው እጇ በመዝገብ ላይ ስም የለውም። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ ይሆናል፣ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

አሁን ስለ እንዶድ ትንሽ ልቆይ፤ አዲስ አበባ ተወልደው በኦሞና በላርጎ ያደጉ ወጣት አባሎቻችን ምናልባት በስም ብቻ ያውቁት ይሆናል። ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው፤ በአጥርና በየማሳው ዳር ይበቅላል፤ ፍሬው በዘለላ ይንጠለጠላል። ወንዴና ሴቴ ተክል አለው፤ የሚያፈራው ሴቴው ነው። አያቶቻችን ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ እያለ ይለቅሙና በፀሐይ ያደርቁታል። ከዚያ ይወቅጡታል፣ ይፈጩታል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠብጡታል። አረፋው እንደ ሳሙና ይነሣል። ልብሱ በዚያ ተዘፍዝፎ በእግር ይረገጣል፤ በእግር መርገጡን በብዙ የገጠር ቦታ ወንዶችም ይሠሩት ነበርና የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚለው አባባል በደንብ የታሰበበት አይደለም። ለነጭ ሸማ የሚሆን ነገር ከእንዶድ የበለጠ አልነበረም። የዐውደ ዓመት ነጠላ ያን የሚያበራ ንጣት የሚያገኘው በእሱ ነበር።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኬሚስቶች በኋላ ፍሬውን በቤተ ሙከራ ሲመረምሩት የእነዚያ ሴቶች አሠራር እያንዳንዱ ደረጃ ምክንያት ያለው ሆኖ ተገኘ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ኃይሉ የሚበረታው ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ነው፤ ሲበስል ይቀንሳል። ፍሬው ተፈጭቶ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ገዳይነቱ ይለውጠዋል፤ ውኃው ትኩስ ከሆነ ኢንዛይሙ ይሞትና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ማለት ያልበሰለውን ልቀሚ፣ አድርቂ፣ ፍጪ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪ የሚለው የእናቶች ትእዛዝ ልክ ነበር። ቀንድ አውጣ ለመግደል ብለው አልነበረም ያደረጉት፤ ጥሩ አረፋ ለማግኘት ነው። ግን በብዙ ትውልድ ሙከራ የተገኘ ትክክለኛ አሠራር ነው። ልብስ ማጠብ ምን ትምህርት ይጠይቃል ለሚለው ጥያቄ የእኔ የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነው።

ነገሩ የእኛ ሀገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ጋራ ማጠቢያ ቤት ሳነብ ያገኘኋትን አንዲት እንግሊዝ ሀገር ትኖር የነበረች ሴት ላስተዋውቃችሁ። ኪቲ ዊልኪንሰን ትባላለች፤ አየርላንድ ተወልዳ ሊቨርፑል በምትባለው የወደብ ከተማ በድህነት የኖረች ልብስ አጣቢ ናት። በ1832 እዚያ ከተማ ኮሌራ ሲገባ በሠፈሯ የውኃ ማፍያ ጋን ያለው በእሷ ቤት ብቻ ነበር። ጎረቤቶቿ የበሽተኞቻቸውን አንሶላና ልብስ አምጥተው በእሷ ጋን እንዲያጥቡ ፈቀደች፤ በሳምንት አንድ ፔኒ እየከፈሉ። የበሽታ ጀርም የሚባል ነገር ሐኪሞች ገና ባላወቁበት ዘመን እሷ የታመመ ሰው ልብስ ፈልቶ መታጠብ አለበት ብላ ሠራች። ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1842፣ ከተማው የመጀመሪያውን የሕዝብ ማጠቢያ ቤት ከፈተ፤ እሷና ባሏም በኋላ ኃላፊ ሆነው ተሾሙበት። ሰው ገብቶ ከፍሎ ራሱ በማሽን የሚያጥብበት ቤት የመጣው ደግሞ በ1934 ቴክሳስ ውስጥ፣ ፎርት ዎርዝ በምትባል ከተማ ነው፤ አራት የኤሌክትሪክ ማሽን ነበረው ይባላል። እንግዲህ እኛ ልንከፍት ያሰብነው ቤት አያቱ የኪቲ ጋን ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፤ ኪቲ እንዶድ አግኝታ ብታፈላው ኖሮ ለቀንድ አውጣ አይሆንም ነበር። እሷ በእሳት፣ የዓድዋዎቹ በቀዝቃዛ ውኃ፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ ትክክል።

ወደ ዶክተር አክሊሉ ልመለስ። ከዓድዋ ያመጡትን ነገር አዲስ አበባ በቤተ ሙከራ ደጋግመው ፈተኑት፤ ውጤቱ አልተለወጠም። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን አቋቋሙና የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ሆኑ። በሀገር ችግር ላይ በሀገር ሰው ምርምር የሚደረግበት ቤት እንዲሆን ነበር ምኞታቸው። ከካሊፎርኒያው ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ጋር ሆነውም ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ በእሳቸው ስም ሌማቶክሲን ተባለ።

ከዚያ የመጣው ሥራ በእኔ አስተያየት የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ነው፤ ግኝቱ ራሱ ሳይሆን ይኼኛው። ከ1969 እስከ 1974 አምስት ዓመት ሙሉ ዓድዋ ላይ በከተማውና በዙሪያው ባሉ ወንዞች እንዶድ እየጨመሩ የበሽታውን ሁኔታ ተከታተሉ። ሲጀምሩ ከትንንሾቹ ሕፃናት መካከል 50 በመቶው በሽታው ነበረባቸው። በአምስተኛው ዓመት 7 በመቶ ብቻ ሆነ። በጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ ከ63 ወደ 34 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱን ለይቶ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ትልልቆቹ በሽታውን ከዱሮ ጀምሮ ይዘውት ይኖራሉ፣ ትንንሾቹ ግን እንዶዱ ከገባ በኋላ የተወለዱ ናቸውና አዲስ መያዝ መቀነሱን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ወጪውስ? ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም። ለአንድ ሺህ ሰው 100 ዶላር ማለት ነው። ከውጭ የሚገባው፣ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ቀንድ አውጣ ገዳይ ኬሚካል በቶን በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ። እንዶዱ ግን ዘር እንኳ መግዛት የማያስፈልገው የአጥር ተክል ነው። ሁለት ጨረታ ቀርቦልኝ እንዲህ ያለ ልዩነት ባይ፣ ሦስተኛ አልጠብቅም ነበር።

ዓለም ግን ጠበቀች፤ ያውም ብዙ ዓመት። የዓለም ጤና ድርጅት ያኔ የሚመክረው ኬሚካሉን ነበር። እንዶድ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት ይኖረው እንደሆነ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ቤተ ሙከራ ይመርመር፣ ያ ሳይሆን አልደግፍም አለ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት፤ እንዶድም ዓሣ ይገድላል፣ ዓይንን ያቃጥላል፤ ኬሚካሉም ቢሆን ዓሣ ይገድላል። ነገር ግን ያንን ደረጃ የሚያሟላ ቤተ ሙከራ በአፍሪካ አልነበረም፤ በሀብታሞቹ አገር ለማስመርመር ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎች ከአጥር ላይ በነጻ በሚለቀም ፍሬ የሚያተርፉት የለም። አያችሁ ክቡ የት እንደሚዘጋ? ዶክተር አክሊሉን ከበሽታው ይልቅ ያስመረራቸው ይኸኛው እንደሆነ ከሕይወት ታሪካቸው ይታያል። በየጉባኤው ሲከራከሩ የኖሩት ስለ ቀንድ አውጣ ብቻ አልነበረም፤ የድሃ ሀገር ሳይንቲስት በሀገሩ ያገኘው ውጤት ለምን አይታመንም በሚለው ነበር።

ይህን ነገር እኛም በትንሹ እናውቀዋለን። አንዲት አባላችን ሃያ ዓመት የሆቴል አንሶላ ያጠበች፣ የትኛው እድፍ በቀዝቃዛ የትኛው በሙቅ እንደሚለቅ፣ በረኪና የቱን ጨርቅ እንደሚበላ ጠንቅቃ የምታውቅ ናት። አንድ ድርጅት ለላውንደሪ ሠራተኛ ሲያወዳድር የምስክር ወረቀት የለሽም ተብላ ተመለሰች። ወረቀቱን የያዘችው ልጅ ተቀጠረችና በሳምንቱ ስልክ ደውላ የጠየቀችው እሷኑ ነው። ደግሞ ነገረቻት፤ እንደሷ ያለ ሰው አይከለክልም።

ለዶክተር አክሊሉ ጓደኛ የሆኗቸው ሰው ሳይጠቀሱ አይታለፍም፤ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ። እሳቸው የተክሉን ነገር ያዙ። እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ከቦታ ቦታ ኃይሉም የፍሬው ብዛትም ይለያያል። ዶክተር ለገሠ ከየሀገሩ ክፍል የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን ለዓመታት ተክለው እያነጻጸሩ ብዙ የሚያፈራ፣ ኃይለኛና ተባይ የሚቋቋም ዓይነት ለዩ፤ ቁጥሩ 44 ስለነበር ዓይነት 44 ተብሎ ይታወቃል። የወንዝ ዳሯ አጣቢ አረፋውን ሰጠች፣ አክሊሉ ቀንድ አውጣውን አዩ፣ ለገሠ ተክሉን አሻሻሉ ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

የዓድዋው ሥራ ያለቀበት 1974 አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተር አክሊሉ ከሀገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ሥር በሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉዳይ መሥራት ጀመሩ። በኋላም ጣልያን ሀገር ፍሎረንስ ከተማ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማእከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። በተወለዱበት ወር ሀገራቸውን በወረረችው ሀገር የሕፃናት ጉዳይ ኃላፊ መሆናቸው ለእኔ የሚያስደስት ነገር አለው። እንዶድን ግን አልተዉትም። ያ የተባለው የደኅንነት ምርመራ በመጨረሻ በ1980ዎቹ በካናዳ መንግሥታዊ የልማት ምርምር ማእከል ገንዘብ፣ በኦታዋ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አስተባባሪነት ተካሄደ። አያቶቻችን ለዘመናት እጃቸውን ነክረው የኖሩበት ነገር በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመርምሮ፣ በተገቢው መጠን ከተጠቀሙበት ለሰው አስጊ አለመሆኑ በወረቀት ተጻፈ። ከዓድዋው ሙከራ ጀምሮ ሲቆጠር ሃያ ዓመት አልፎታል።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ፤ ብዙ ሰው አማራጩ ኖቤል ይለዋል። ርካሽ የቢልሃርዚያ መከላከያ በማግኘታቸውና ለእሱም ሳይታክቱ በመከራከራቸው ነው የተሸለሙት። ሽልማቱ ለግኝቱ ብቻ ሳይሆን ለክርክሩም መሰጠቱን ወድጄዋለሁ።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ የሒሳብ ሰው ሆኖ ላነበበው እንቅልፍ የሚነሣ ነው። በአሜሪካና በካናዳ መካከል ባሉት ታላላቅ ሐይቆች በ1980ዎቹ አንድ ችግር ገባ። ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ ተሳፍሮ የመጣ፣ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር ቅርፊት ያለው ትንሽ የውኃ እንስሳ፣ ዜብራ መስል የሚሉት፣ ተራብቶ የከተማ ውኃና የኃይል ማመንጫ ቧንቧዎችን ደፈነ። ጉዳቱ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነበር። በኤሪ ሐይቅ ዳር ያለችው የቶሌዶ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አክሊሉን በክብር ጋብዟቸው እዚያ በሄዱ ጊዜ ነገሩን ሰሙ። ቀንድ አውጣ የሚገድል ይህንንስ አይገድልም ወይ? ተሞከረ፤ ገደለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው በእንዶድ ይህንን እንስሳ የመግደል ዘዴ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። ዶክተር አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል፤ መብቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ነው።

እንግዲህ ቁጭ ብለን የገቢውን ድርሻ ብናሰላ፣ ለማን ስንት ይጻፋል? ለዩኒቨርሲቲው አንድ መስመር አለው። ለተመራማሪዎቹም አለው። ፍሬው ለበቀለበት ሀገር የሚጻፈው ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ሆነ፤ የድሃ አገሮች ተክልና እውቀት በውጭ ሰው ስም ሲመዘገብ ምን ይደረግ ለሚለው የዓለም ክርክር እንዶድ በየመጽሐፉ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ያልበሰለውን ልቀሚ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪ ብለው ላስተማሩት እናቶች ግን መስመር እንኳ አልተከፈተም። ክፍያ ቀርቶ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት የለም።

በዚህ ዶክተር አክሊሉን ልወቅስ አልችልም፤ ሊወቀሱ ከሚገባቸው ሰዎች የመጨረሻው እሳቸው ናቸው። ግኝቱ ከሕዝቡ ልማድ የመጣ መሆኑን በየሄዱበት ሲናገሩ ኖረዋል፤ ሳይንስ ከሰዉ ኑሮ መጀመር አለበት የሚለውም የእሳቸው አቋም ነበር። ቢሆንም ንጥረ ነገሩ ሌማቶክሲን ሲባል፣ ተቋሙ በስማቸው ሲጠራ፣ አረፋውን ወደ ዕቃው የጨመረችው ሴት አንዲት ልብስ አጣቢ ብቻ ሆና ቀርታለች። ዛሬ ብትኖር አሮጊት ትሆን ነበር። ምናልባት ቀንድ አውጣዎቹ ለምን እንደተጠየቁባት እንኳ ማንም ተመልሶ አልነገራት ይሆናል።

ወደ ማጠቢያ ቤታችን ጥያቄ ስመጣ፣ በምሠራው ሰንጠረዥ ላይ የቤቱን ያዥ ክፍያ ማሽን ጠባቂ በሚል አልጻፍሁትም። ባለሙያ በሚል ነው ያስገባሁት፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ነው። ለቤቱ ልብስ ይዞ የሚመጣው ሰው ማሽኑን መጫን ይችል ይሆናል፤ የሱፉን ከጥጡ፣ ቀለም የሚለቀውን ከማይለቀው የምትለይለት፣ የሕፃን ልብስ በየትኛው ሳሙና እንደሚታጠብ የምትነግረው እሷ ናት። ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱ አባሎቻችንም ይህን ሙያ ይዘውት ስለሄዱ፣ ሁለተኛ ቤት ሲከፈት በእነሱ ይጀመር የሚል ሐሳብም አስገብቻለሁ። ድምጽ የምንሰጥበት ቀን ስትቃወሙ ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በመጋቢት 1989 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ያቋቋሙት የምርምር ቤት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ተጠርቶ ይሠራል። እንዶድ ግን እሳቸው እንዳለሙት በየወንዙ አልገባም። አንዱ ምክንያት ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ነው፤ በእሳቸው የመጨረሻ ዓመታት ዋጋው እየረከሰ መጣ፤ አንዴ ሲዋጥ ትሉን ከሰውነት ስለሚያጠፋ መንግሥታት ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ጥሩ መድኃኒት ነው። በበሽታው አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን አሰልፈው በእንጨት ላይ በተሠመረ ልክ ቁመታቸውን እየለኩ፣ በቁመታቸው መጠን ኪኒን ያውጧቸዋል። ልጆቹ ይድናሉ። ከዚያ ቅዳሜ ሲመጣ እናታቸውን ተከትለው ልብስ ለማጠብ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ሳፋ ውስጥ ያለው አሁን የሱቅ ሳሙና ነው፤ ቀንድ አውጣው ግን እዚያው ድንጋይ ሥር አለ።